ለእኔ ልቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ

መርፌ እፈራለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል አስተምሬአለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ክፍል ውስጥ ያስደነገጠኝ ነገር ጥቂት ነው። መርፌ ሲመጣ ግን ዐይኔን እጨፍናለሁ፣ አንገቴን ወደ ግራ አዘነብላለሁ፣ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ይህን ጉዴን የሚያውቁት እናቴና የወጉኝ ነርሶች ብቻ ነበሩ። በኋላ ስንት ሰው እንዳየው እንጃ።

የኮሮና ክትባት ለእኛ ትምህርት ቤት መምህራን በደረሰበት ዓመት፣ በጥር ወር፣ ሁለት ነርሶች መጥተው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጉ። ለመከተብ የተሰለፍነው ከግማሽ በታች ነበርን። የቀሩት ባልደረቦቻችን በመስኮት በኩል ቆመው ያዩን ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እኔም የተሰለፍሁት ደፋር ስለሆንሁ አይደለም። ከእናቴ ጋር ስምምነት ስለነበረኝ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከከተማው ወደ ጉና ተራራ በኩል፣ ከመኪና ከወረዱ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚወስድ ቀበሌ ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ አገር ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ከታናሽ ወንድሟ፣ ከአጎቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ሳንባዋ ደካማ ነው። ክረምት ሲገባ ሳሉ ይጀምራታል፤ መስቀል ካላለፈ አይለቃትም። ባለፈው ክረምት ትንፋሽ አጥሯት ሁለት ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪናው መንገድ አውርደናታል። ያከማት ሐኪም "ይህ አዲሱ በሽታ ካገኛቸው የሚችሉት አይመስለኝም" ብሎኝ ነበር። ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ክትባቱ ቀበሌዋ ሲደርስ እንድትከተብ እለምናት ጀመር።

"አንተ መጀመሪያ ተወጋ። ልይህና እኔም እወጋለሁ" አለችኝ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ሳታይ የምትቀበለው ነገር የለም። እህል ስትገዛ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ነክራ ከሥር ያለውን ዘግና ካላየች አትገዛም። ስለዚህ ማስረጃው እኔ እንድሆን ተስማማን።

ተወጋሁ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን አዘንብዬ። ልክ በዚያች ቅጽበት የኮምፒውተር መምህራችን ፎቶ አነሣኝና በትምህርት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ "መምህራኖቻችን ተከተቡ" ብሎ ለጠፈው። ካነሣቸው ሰባት ስምንት ፎቶዎች መካከል የእኔን ለምን እንደ መረጠ በኋላ ጠይቄዋለሁ።

"የአንተው ፎቶ ብርሃን ጥሩ ነበር" አለኝ።

ክትባቱ ያመጣብኝ ነገር የአንድ ቀን ትኩሳትና የክንድ ሕመም ነው፤ ይህንንም ነርሷ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ከዚህ ጋር የማይገናኝ የቆየ የወገብ ሕመም አለብኝ፤ ሰሌዳ ፊት መቆም ያመጣው ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስለ ነበር ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄጄ ልታጠብ አስቤ ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቀኝ በአንድ እጄ ሻንጣዬን፣ በሌላው ወገቤን ይዤ ከቤት ወጣሁ። የቤት አከራዬ በር ላይ አገኙኝ።

"ምነው መምህር፣ አመመዎት እንዴ?"

"ትንሽ ነው" አልኋቸው። የት እንደምሄድ አልነገርኋቸውም። አከራዬ ወንዛዬ የሚለውን ስም ከሰሙ ጓዛቸውን ጠቅልለው አብረው የሚነሡ ሴትዮ ናቸው።

ወንዛዬ አራት ቀን ቆየሁ። የስልኬ ባትሪ በሁለተኛው ቀን አለቀ፤ በዚያ ሰሞን መብራት አልነበረም፤ እኔም ግድ አልሰጠኝም። ከፎገራ በኩል ከመጡ ገበሬዎች ጋር እስከ አንገቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ ስለ ሩዝ፣ ስለ ቁርጥማት፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ስናወራ እንውላለን። እንደዚያ ያረፍሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በዚያው አራት ቀን ውስጥ ሞቼ ነበር።

የሆነውን በኋላ አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ነው ያገናኘሁት። ማን እንደ ሆነ የማላውቀው ሰው፣ ብዙ ተከታይ ባለው አንድ ገጽ ላይ ለመለጠፍ ፎቶዬን ከትምህርት ቤቱ ገጽ ወሰደ። ክንዴንና ነርሷን ቆርጦ ጣላቸውና ፊቴን ብቻ አስቀረ። በግራና በቀኝ የሚነድ ሻማ አደረገ። ከሥሩ "ይህ ወንድማችን ክትባቱን በወሰደ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ለምትወዷቸው ሼር አድርጉ" ብሎ ጻፈ። ስም የለው፣ አገር የለው። ግን የሚያውቀኝ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?

የአጎቴ ልጅ ደብረ ታቦር ባጃጅ ይነዳል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። ተሳፋሪ እየጠበቀ ስልኩን ሲነካካ እኔን አየኝ። ደወለልኝ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ባጃጁን አስነሥቶ ቤቴ ሄደ፤ በሩ ተቆልፏል። አከራዬን ጠየቀ። እሳቸውም "ወገቡን ይዞ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ አሞኛል ብሎኛል" አሉት። ወደ ሆስፒታል ነዳ፤ በዚህ ስም የተኛ ሰው የለም አሉት። ይህንን ሬሳዬ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል ማለት ነው ብሎ ተረጎመው። ተማሪዎቼን ከታወቀው ወደማይታወቀው ደረጃ በደረጃ ሂዱ እያልሁ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ የአጎቴ ልጅ አንድም ደረጃ አልዘለለም። የተሳሳተው መነሻው ላይ ብቻ ነው።

ዘመኑም ረድቶታል። ጦርነቱ በአካባቢያችን ካለፈ ገና ብዙም አልቆየ፤ የሰው ጆሮ መርዶ ለምዶ ነበር። ሞተ ሲባል "ማነው ያለው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ "መቼ?" ብቻ ነበር የሚባለው።

ልጁ ለአባቱ፣ ማለትም ለአጎቴ ደወለ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ከፌስቡክ እጅ ወጥቶ በአገሩ ሥርዓት እጅ ገባ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተገኘ አይነገርም። መጀመሪያ ዘመድና ጎረቤት በምስጢር ይሰማል፤ ራቅ ወዳለው ይላካል፤ ከዚያ ማለዳ ላይ የንስሐ አባትና ሽማግሌዎች ሄደው ይናገራሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መርዶ የሚነገረው ሰው በደንብ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ እህል በአፉ አይዞርምና።

እናቴ የጠረጠረችው በምግቡ ነው። ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ሚስት እርጎ ይዛላት መጣች። ጥቂት ቆይታ አንዲት ጎረቤት "ተርፎ ነው" ብላ የዶሮ ወጥ አመጣች፤ እዚያች ሴት ቤት ደግሞ ዶሮ ተርፎ አያውቅም። ሁለቱም አጠገቧ ተቀምጠው "ብዪ እንጂ፣ ድገሚ እንጂ" ይሏታል።

"እኔም በላሁ" ብላኛለች እናቴ። "ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ በላሁ። በየጉርሻው ከዘመዶቼ አንዱን አነሣለሁ፤ እሱ ይሆን፣ እሷ ትሆን እላለሁ። አንተን ግን አላነሣሁህም። ከተማ ተቀምጦ፣ ጠመኔ ይዞ የሚውል ሰው ይሞታል ብዬ ምኑን አስቤው!"

በማግሥቱ ማለዳ ነገሯት።

በዚያው ጠዋት እኔ ከወንዛዬ ተነሥቼ በሐሙሲት አድርጌ ደብረ ታቦር ገባሁ። ቤቴ እንኳ ሳልደርስ ወደ እናቴ አገር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የቀበሌዋ ክትባት የሚሰጠው ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ነበር "ይኸው፣ እዪኝ" ልላት ቸኩዬ ነበር።

ዳገቱን ጨርሼ ግቢው ሲታየኝ ሰው ሞልቶታል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ አጥር ተደግፈው የቆሙ ወንዶች። እናቴ ሞተች አልሁ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ይህን ዛሬ ረጋ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ያን ጊዜ ግን ሻንጣዬን ወርውሬ፣ ወገቤን ረስቼ፣ "እማ! እማ!" እያልሁ እየጮኽሁ ቁልቁል ሮጥሁ።

ሟቹ ራሱ እያለቀሰ ወደ ልቅሶው ሲሮጥ ያየ ሕዝብ ምን ያድርግ። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለወጡት። ሁለት ጎልማሶች አጥር ዘለሉ፤ አንደኛው እስካሁን ድረስ ፍየል ሊመልስ እንደ ነበር ይናገራል። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቆሙ።

በእኛ አገር የሚለቀሰው የሟች ልብስና ፎቶ ተይዞ ነው። ልብሴ ከተማ ነው፤ እናቴ ዘንድ የነበረኝ ፎቶ ደግሞ የተማሪነቴ ብቻ ነበር። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ስልኩን ፌስቡኩ ላይ ከፍቶ፣ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ፣ በአልቃሾቹ መካከል ቆሞ ነበር። ስልኩ በየደቂቃው ይጠፋል፤ ሲጠፋ አንዱ በጣቱ ይነካዋል፤ ሲበራ ልቅሶው ይቀጥላል። ስደርስ ገና አላወረደውም ነበር። የተጨፈነ ፊቴን በሁለት ሻማ መካከል ያየሁት ያኔ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የሞተ ሰው ፊት ነበር።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ሁለቱንም ጉንጯን በጥፍሯ ነጭታው ደሙ ደርቆባታል። ቀና ብላ አየችኝና አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ ክንዴን ያዘችና ጨመቀችው። የተወጋሁበት ቦታ ስለ ነበር "እህ!" አልሁ።

"ያመዋል" አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ። "የሞተ ሰው አያመውም።" ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

የንስሐ አባታችን ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። ጠበል ረጩኝ፣ አማተቡብኝ፣ ከዚያ "እስኪ እህል ቅመስ" አሉኝ፤ መንፈስ ከሆንሁ አልበላማ። ከቅርብ የተገኘው እህል ለልቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ ነበር፤ ስንዴና ባቄላ። ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ አፍ አፌን እያየ፣ ለራሴ ልቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ አላመጥሁ። ጨው አንሶት ነበር፤ ይህንኑ ስናገር ነው ሰዉ ሁሉ በሕይወት መኖሬን ያመነ፤ በምግብ ላይ እንከን ማውጣቴን ያውቁታል።

ልቅሶው ወደ ደስታ ዞረ። ተቃቀፍን፣ ተሳሳምን፣ የአጎቴ ልጅ እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ከሁሉ ደስ ያለኝ ነገር አሁን ክርክሩ አበቃ የሚለው ነበር። ክትባት ገደለው የተባለው ሰው ይኸው ቆሟል። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይመጣል?

አጎቴ ጥቂት ሲረጋጋ "ለመሆኑ ይህን ሰሞን የት ሄደህ ነው የጠፋኸው?" አለኝ።

"ወንዛዬ ነበርሁ፤ ወገቤን ስታጠብ።"

 የሁሉም ፊት ባንድ ጊዜ ፈታ አለ።

"አላልኋችሁም?" አለ አጎቴ። "ፍል ውኃው ነው መርዙን ያወጣለት! ባይነከር ኖሮ አልቆለት ነበር።"

ተናደድሁ። አጎቴን በልጅነቴም አንቱ ብዬ ነው ያደግሁ፤ ያን ቀን ግን ድምፄ ከፍ አለ። "አጎቴ፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ? ወንዛዬ የሄድሁት ለወገቤ ነው!" አልሁ። ክትባት ምን እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ከየት እንደ መጣ፣ ፎቶው እንዴት እንደ ተቆረጠ እየዘረዘርሁ ብዙ ተናገርሁ። ሰው አክባሪ ሕዝብ ነው፤ እስክጨርስ ሰሙኝ። "ልክ ነህ መምህር" አሉኝ። ፊቴን ሳዞር "አራት ቀን ሙሉ ተነከረ አሉ" ሲባባሉ ሰማሁ።

የአጎቴን ልጅ ስልክ ተቀብዬ ከፎቶው ሥር "በፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ በሕይወት አለሁ" ብዬ ጻፍሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። አንዱ "ማን ልኮህ ነው?" አለኝ። ሌላዋ "በሞተ ሰው አይቀለድም፤ እግዚአብሔርን ፍራ" አለችኝ። ብዙዎች የሚስቅ ፊት አደረጉብኝ። ጥቂት ቆይቶ ገጹ አገደን፤ የአጎቴ ልጅም "አየህ፣ እኔንም አስከለከልኸኝ" ብሎ አኮረፈ።

የክትባቱ ቀን በማለዳ ወጥቼ ጤና ኬላው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ዓላማዬ መታየት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ የክትባቱን ሳጥን በትከሻዋ ተሸክማ ከሩቅ በእግሯ መጥታለች። ያሰጋትን ነገረችኝ። አንዱ ብልቃጥ ለዐሥር ሰው ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይተርፍም፤ ሰው ካልተሟላ እንዳትከፍት ታዝዛለች። ባለፈው ቀን ጎረቤት ቀበሌ ውላ አንድም ሳትከፍት ተመልሳለች።

"ሁሉም የዚያን ሰውዬ ፎቶ ነው የሚያሳየኝ" አለችኝ። አየት አደረገችኝና "የእርስዎን ማለቴ ነው" ብላ አቀረቀረች።

ሰው በፊቴ አለፈ። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ ጉልበት ይስማሉ፣ እግዚአብሔር መለሰህ ይላሉ፣ ክንዴን ዳስሰው ይሄዳሉ። ወደ ውስጥ የሚገባ የለም። አጎቴ ሚስቱን ከልክሏል።

ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ብቻዋን መጣች። የተነጨው ጉንጯ ቅርፊት ይዟል፤ በተላጨው ራሷ ላይ ነጠላዋን ጠምጥማለች። ሠራተኛዋ ሰው እንዳልተሟላ ስትነግራት "ስንት ጎደለ?" አለች።

"ዘጠኝ፣ እማማ።"

ተመልሳ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመጣ ስምንት ሴቶች አስከትላለች። ሠራተኛዋ ቆጠረቻቸውና "አንድ ቢጎድልም እከፍተዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ" አለች። እናቴ በየደጁ እየዞረች ምን እንዳለቻቸው የሰማሁት ከሴቶቹ ከአንዷ ነው። "ልጅሽ ሞቷል ያለችኝ ያቺው ስልክ ናት መርፌው ይገድላል የምትለው" ብላለች። "በልጄ ዋሽታኛለች። በመርፌው ለምን አምናታለሁ?"

ወንዛዬን ያነሣችም ነበረች። እናቴ "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወንዛዬ ለመሄድ ጉልበት የለኝም፤ ያለ ወንዛዬ ተወግቼ እዩኝ" ብላ ዝም አሰኘቻት።

ቀድማ ተቀመጠች። ዐይኗን አልጨፈነችም፤ መርፌው ቆዳዋ ውስጥ ሲገባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። ዘጠኙም ተወጉ። ሠራተኛዋ ካርድ እየሰጠች "ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛውን ካልደገማችሁ ሙሉ አይሆንም" ብላ ደጋግማ ነገረቻቸው። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እናቴን ሳያት ኮራሁባት። ለግማሽ ሰዓት ተናግሬ ያልገባቸውን እሷ በአንድ ሰዓት አዙራ አመጣቻቸው።

ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ፤ ትምህርት ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ስልኬን ስከፍት ፎቶውን ፈልጌ አገኘሁት። አልጠፋም፤ እንዲያውም ወደ ሌሎች ገጾች ተሰራጭቶ ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን ለመሳቅ ነው ያነበብሁት። በሁለተኛው ቀን ተማሪዎቼን መልመጃ ሰጥቼ አነበብሁ። ከዚያ ልማድ ሆነ። የማያውቁኝ ሰዎች ነፍስ ይማር ይሉኛል፤ እናቴን እግዚአብሔር ያጽናት ይላሉ፤ አንዳንዱ "የእጁን ነው ያገኘ" ይላል። አንዷ ሴት "ፊቱን አስተውሉት፣ ሲወጉት ነው ነፍሱ የወጣች" ብላ ጽፋለች። ፊቴን አስተዋልሁት። ሌላው ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ "የመጀመሪያው ያደክማል፤ የሚጨርሰው ሁለተኛው ነው" ይላል። ይህ ሰው ማን ነው? ሐኪም ነው? ከየት አመጣው? ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቄ ዜሮ እሰጠው ነበር። ሳቅሁበት፤ አልረሳሁትም።

ልቤ እንዴት እንደሚመታ ማዳመጥ ጀመርሁ። ክንዴ ሲደነዝዝ፣ ተኝቼበት እንደ ሆነ እያወቅሁ፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ራሴን ትንሽ አዞረኝ፤ ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ ግን መጀመሪያ የታወሰኝ ቁርሱ አይደለም።

በመጋቢት መጨረሻ ነርሶቹ ለሁለተኛው ዙር መጡ፤ እዚያው ክፍል፣ ያንኑ ጠረጴዛ ዘረጉ። ተሰለፍሁ። ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለት ሲቀሩ "የማርመው የፈተና ወረቀት አለብኝ" አልሁና ወጣሁ። ነገ ጤና ጣቢያ ሄጄ እወጋለሁ አልሁ። ነገ ሰኞ ሆነ፤ ሰኞ የሚቀጥለው ሳምንት ሆነ፤ ሰሙነ ሕማማት ገባ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ደርድሬአለሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው፣ ስለ ራሴ የተጻፈ ውሸት አስፈራኝ።

ከፋሲካ በኋላ የእናቴ ሁለተኛ ቀን ደረሰ። "ናና አጠገቤ ሁን" ብላ ስለ ላከችብኝ ሄድሁ። ስምንቱ ሴቶች ቀድመው መጥተው የጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሌሎችም አምስት ስድስት አዳዲስ ሴቶች ጨምረዋል። የአጎቴ ሚስትም ነበረች፤ አጎቴ ፈቅዶ ይሁን ተደብቃ አልጠየቅሁም። የእናቴ ፀጉር ጣት የሚያህል በቅሏል፤ ጉንጯ ላይ ግን ጠባሳው ቀርቷል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች።

ሠራተኛዋ ብልቃጡን ከሳጥኑ አውጥታ በእጇ እንደ ያዘች ወደ እኔ ዞረች። አዲሶቹን ሴቶች ልታደፋፍር አስባ ነው፤ ክፋት የላትም።

"መምህር፣ ካርድዎን ይዘዋል? ሁለቱንም የጨረሰ ሰው ካርድ ይህን ይመስላል ብዬ ላሳያቸው።"

"ቤት ረሳሁት" አልሁ።

እናቴ አየችኝ። በልጅነቴ በጎቹን የት ጥዬ እንደ መጣሁ ስትጠይቀኝ እንደምታየኝ አየችኝ።

"አልተወጋህም" አለች።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማ። ፈተና ነበር።"

"ፈርተህ ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር። አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ወይም አዎን፣ ግን በከንቱ ነው የፈራሁት ብዬ ፎቶውን፣ ኮሜንቱን፣ ሁሉን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ።

እናቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ በወደድሁ። እጅጌዋን ወደ ታች መለሰችው።

"ያቺ ስልክ ስትዋሽ አውቄባታለሁ" አለች። "ሰዉ ሁሉ ሲፈራም አይቼ አልፈራሁም፤ ምን አውቆ ይፈራል ብዬ። አንተ ግን የተማርህ ነህ። አንተ ከፈራህ እኔ የማላውቀው ነገር አለ።"

"እማ፣ ምንም የለም! ተቀመጪ። ይኸው አሁን እዚሁ እወጋለሁ፤ በፊትሽ" አልኋት። እጅጌዬን እየሰበሰብሁ፣ እሷ የተነሣችበት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

"አሁንማ ለእኔ ብለህ ነው" አለችኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወጣች።

የአጎቴ ሚስት ተከተለቻት። ከዚያ ስምንቱ ሴቶች ተነሡ፤ ከዚያም አዲሶቹ። አንዷም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እንዲያውም አንዲቱ ስታልፍ "አይዞህ መምህር" አለችኝ። ክንዴን እንደ ገለጥሁ ተቀምጬ፣ በቀጭኑ መንገድ አንድ በአንድ ሲወርዱ አየኋቸው። እናቴ ከፊት ነበረች። ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።